ጭቃው ከግንባታው አጥር እንዳይወጣ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አዲስ ሕንፃ የሚቆፈርበትን ሥፍራ ተጠግቶ ያለፈ ሰው፣ ከጉልበት ብዙም ከፍ የማይል ጥቁር የጨርቅ አጥር በእንጨት ችካሎች ተወጥሮ ሳያይ አይቀርም። አብዛኛው እግረኛ የድንበር ምልክት መስሎት ያልፈዋል። የአጥሩ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ዝናብ ሲጥል የተቆፈረው አፈር ታጥቦ ወደ ጅረት እንዳይገባ ማስቀረት ነው።

አፈር ብክለት መባሉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የመጠን ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ዎልማን ከአሸር ሺክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት፣ በሜሪላንድ ከተለመደው የገጠር መሬት በዓመት ከአንድ ስኩዌር ማይል ከ200 እስከ 500 ቶን ደለል እንደሚታጠብ፣ ግንባታ ከሚካሄድበት መሬት ግን መጠኑ ከ1,000 ተነሥቶ ከ100,000 ቶን በላይ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል።

ይህ ደለል መሄጃ አለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚወርደው ጎርፍ በስላይጎ ጅረት በኩል ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከአሌክሳንድሪያ የሚወርደው ደግሞ በፎር ማይል ረንና በካሜሮን ረን በኩል ወደ ፖቶማክ ይገባል። የሁለቱም መጨረሻ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ የደፈረሰ ውሃ ከሥር ለሚበቅለው ሣር የፀሐይ ብርሃን ይነሣዋል፤ የረጋው ጭቃም ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ ይቀብረዋል። አናኮስቲያ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በቅኝ ግዛት ዘመን መርከቦች ትምባሆ ይጭኑባት የነበረችው የብሌደንስበርግ ወደብ፣ ከእርሻ በታጠበ አፈር ተሞልታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ የማይደርስባት ሆናለች። የቆቃን ሐይቅ ደለል እንዴት እንዳጠበበው ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1965 የግንባታ ደለልን የሚቆጣጠር ደንብ በማውጣት በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ሜሪላንድ በ1970 ጉዳዩን የመላ ግዛቱ ሕግ አደረገችው። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ዘግይቷል። የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1972 ቢጸድቅም፣ ለግንባታ ጎርፍ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ የሆነው በ1990 በወጣ ደንብ ነው፤ እሱም 5 ኤከርና ከዚያ በላይ ለሚቆፈር መሬት ብቻ ነበር። በ1999 የወጣው ደንብ ወሰኑን ወደ 1 ኤከር ዝቅ አደረገው።

ወደ ጥቁሩ አጥር እንመለስ። ብዙዎች ጨርቁ እንደ ወንፊት አፈሩን የሚያጣራ ይመስላቸዋል። በእውነቱ የሚሠራው እንደ ትንሽ ግድብ ነው፤ ጎርፉን አግዶ ያቆመዋል፣ ውሃው ሲረጋ አፈሩ ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ የጨርቁ ግርጌ በጠባብ ቦይ ውስጥ ካልተቀበረ ውሃው ከሥር ሾልኮ ይወጣል፤ አጥሩም ለታይታ ብቻ የቆመ ይሆናል። አቅሙም ውሱን ነው። እንደ መመሪያ፣ 30 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ከሩብ ኤከር በላይ ከሆነ መሬት የሚመጣን ጎርፍ እንዲይዝ አይጠበቅም።

ከዚህ የሚብሰው ችግር የሸክላ አፈር ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አንድ ሜትር ለመዝቀጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ደለል ሰዓታት ይፈጅበታል። እጅግ የደቀቀው የሸክላ ቅንጣት ግን ከሳምንት በላይ ተንሳፎ ይቆያል፤ ይህን ያህል ጊዜ ውሃ አግዶ የሚያቆይ አጥር የለም። አንድ ጊዜ የተነሣን ሸክላ መልሶ መያዝ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ዋናው መፍትሔ መጀመሪያውኑ እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

አፈሩን የሚያስነሣው ደግሞ ጎርፉ ብቻ አይደለም። ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወርዶ ራቁቱን የቆመ መሬት ሲመታ ቅንጣቶቹን ይበትናቸዋል። በላዩ የተነሰነሰ ጭድ ይህን ምት ይቀበላል፤ ርካሹ መከላከያ ከውዱ የሚበልጥበት ጊዜም ብዙ ነው። በሜሪላንድ ደንብ መሠረት ቁልቁለቱ የበዛ መሬት በ3 ቀን፣ ሌላው በ7 ቀን ውስጥ በጭድ፣ በዘር ወይም በመሳሰለው መሸፈን አለበት። መሬቱን በአንድ ጊዜ ከመግፈፍ ይልቅ በየምዕራፉ መቆፈርም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው።

በመውጫው በር ላይ የሚነጠፈው ጠጠር የጭነት መኪኖች ጎማ የያዘውን ጭቃ ያራግፋል። ሲሚንቶ ማቡኪያው የሚታጠብበት ውሃ ግን ከጭቃም የከፋ ነው፤ ፒኤች መጠኑ እስከ 12 ስለሚደርስ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ በፕላስቲክ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ መቅረት ይኖርበታል። በመንገድ ዳር ያለው የጎርፍ መግቢያ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ የሚመስላቸው አሉ፤ በአብዛኛው አካባቢ ግን በቀጥታ ጅረት ላይ ይወጣል።

በሜሪላንድ ይህን ሥራ በኃላፊነት የሚመራ ሰው የአፈር ጥበቃ ሥልጠና መውሰድ አለበት። የምስክር ወረቀቱ በሙያው ዘንድ የሚጠራው «ግሪን ካርድ» ተብሎ ነው! በግንባታ ሥራ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ስሙ ቢያስፈግግም፣ ካርዱ ከዲቪ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ደንቡ ትልልቅ ተቋራጮችን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። በሜሪላንድ 5,000 ስኩዌር ፊት መሬት መቆፈር የደለል መቆጣጠሪያ ዕቅድ ያስጠይቃል፤ በአሌክሳንድሪያ ደግሞ ወሰኑ 2,500 ስኩዌር ፊት ነው። ይህም አሮጌ ቤቱን አፍርሶ የሚሠራን ባለቤት በቀላሉ ሊደርስበት ይችላል። ከግንባታ ሥፍራ የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ የተመለከተ ነዋሪ በሁለቱም ከተሞች በ311 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል። ቦታውንና ሰዓቱን መጥቀስ፣ ከተቻለም ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ፎቶ ማንሣት ለተቆጣጣሪው ይረዳዋል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይሄዳልና።