የምላስ ማረፊያና የልጅዎ ጥርስ

ልጅዎ አፉን ከፍቶ ይተኛልን? ሲውጥስ ምላሱ በጥርሶቹ መካከል ይወጣልን? ምላስ በሚያርፍበት ጊዜ ጫፉ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ ላንቃን ይነካል፤ ከንፈርም ይገጠማል። ዘወትር ጥርስን የሚገፋ ከሆነ ግን የፊት ጥርሶች ሳይገጥሙ ሊቀሩ፣ «ሰ» እና «ዘ» ሲነገሩም አንደበት ሊኮላተፍ ይችላል።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። እንጥል ለማስቆረጥ የሚያስቡ ወላጆች አሉ፤ እኛም ያደግነው በዚሁ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ መቁረጥ ደም መፍሰስንና የቁስል መመረዝን ሊያስከትል ይችላል እንጂ የምላስን አቀማመጥ አያቃናም።

በሐዴራ የምትኖሩ ወላጆች በኩፓት ሖሊም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። አፍንጫ የተዘጋ ወይም ቶንሲል ያበጠ እንደሆነ አስቀድሞ ይህ ይታከማል፤ በአፍንጫው መተንፈስ ያልቻለ ልጅ አፉን ሊገጥም አይችልምና። ከዚያም «ቅሊናኢት ቲቅሾሬት» የምትባለው የንግግር ሕክምና ባለሙያ የምላስና የከንፈር ልምምድ ታስተምራለች። ልምምዱ በየዕለቱ በቤት ሊደገም ይገባል። ዕብራይስጥ ቢያስቸግርዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጁን ራሱን ግን አስተርጓሚ አያድርጉት።