ባርኮላና፤ በጀልባ ላይ ሆነው የሚመለከቱት የሸራ ውድድር

በአድርያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ የኢጣልያ ምድር ከስሎቬኒያ ጋር በሚዋሰንበት ጥግ፣ ካርሶ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ አምባ ከጀርባዋ አድርጋ ፊቷን ወደ ባሕር የመለሰች ትሪየስቴ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ሁለተኛው እሑድ፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር መስከረም አልቆ ጥቅምት በሚጠባበት ሰሞን፣ በዚህች ከተማ ፊት ያለው ባሕረ ሰላጤ በሸራ ይሸፈናል፤ ሕዝቧም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከፊሉ በአምባው ላይ ካለው መንገድ፣ ከፊሉ ከባሕሩ ዳር፣ ከፊሉም በየጀልባው ተሳፍሮ ባርኮላና የተባለውን ታላቅ ውድድር ለማየት ይወጣል።

ውድድሩ ስሙን ያገኘው በከተማይቱ ዳርቻ ከምትገኘው ከባርኮላ ሰፈር ሲሆን፣ የመሠረተውም የባርኮላና የግሪኛኖ የሸራ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የተሰለፉት ጀልባዎች 51 ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኀምሳኛው ሲከበር ግን ቍጥራቸው 2,689 ደርሶ በዓለም ላይ ከፍተኛው ተብሎ ተመዘገበ። እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሥርዐቱ ነው። በብዙ አገር እንዲህ ያለ ውድድር ሲደረግ ታላላቁ ከታናናሹ ተለይቶ በየተራው ይለቀቃል፤ በባርኮላና ግን ርዝመቱ 100 ጫማ የሆነና በሙያው የሠለጠኑ ባሕርተኞች የሚነዱት ሐመር፣ አንድ አባት ከልጆቹ ጋር የዕረፍት ቀኑን ከሚያሳልፍባት ታናሽ ጀልባ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ በአንድ የመድፍ ድምፅ ይነሣል። ሽልማቱ በየመደቡ ይከፈላል፤ የመነሻው ክብር ግን የሁሉም ነው።

ይህን ትርኢት ከየብስ ለሚያይ ሰው ዐይን ብቻ ይበቃዋል፤ ከባሕር ላይ ለሚያየው ግን ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ተመልካቹና ተወዳዳሪው የሚካፈሉት አንድ ውኃና አንድ ነፋስ ነውና። የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ መሄድ አይቻለውም፤ ወደዚያ መድረስ ሲሻ፣ ጭነት የያዘ በቅሎ ዐቀበቱን እየተጠማዘዘ እንደሚወጣው፣ አንድ ጊዜ በስተቀኝ አንድ ጊዜ በስተግራ በአግድም እየተመላለሰ ይወጣል። ስለዚህ ላላወቀ ሰው ባዶ መስሎ የሚታየው ውኃ ባዶ አይደለም፤ አሁን ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የሚርቀው ጀልባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዞሮ በዚያው ስፍራ ያልፋል። ነፋሱም ቢሆን አንድ ጊዜ በሸራ ወይም በመርከብ አካል ላይ ከተሰበረ፣ የደቀሉን ቁመት ብዙ እጥፍ ያህል ርቀት ታውኮ ይሄዳል። እንግዲህ ሰገነት ያለው ትልቅ የሞተር ጀልባ ይዞ በነፋሱ መምጫ በኩል የቆመ ተመልካች፣ ሳያውቀው ተወዳዳሪዎቹን ነፋስ ይነፍጋቸዋል። የሚያስነሣው ማዕበልም ሌላ በደል ነው፤ በተለይ ነፋሱ በሚደክምበት ቀን ደቀሉን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ ሸራው በብዙ ድካም የያዘውን ጥቂት ነፋስ ያራግፈዋል።

ስለዚህ ለመመልከት የሚወጣ ሊቀ ሐመር የሚመርጠው ስፍራ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ባለሥልጣናት ከከለሉት የውድድር ክልል ውጭ ነው። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያስነሣል እንጂ አያጠፋም፤ መልሕቅም አይጥልም፣ ድንገት መራቅ ሊያስፈልገው ይችላልና። በሞተር የሚሄድ በሸራ ለሚሄደው መንገድ ይልቀቅ የሚለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደንብም እርሱን ያስገድደዋል። ምናልባት ተሳስቶ በተወዳዳሪዎች መካከል ቢገኝ፣ ወዲያና ወዲህ መደናገጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አካሄዱን ሳይለውጥ በዝግታ ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ መሪ የያዙት ሰዎች ሐሳቡን ዐውቀው በዙሪያው ያልፋሉ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን መድፉ ይተኮሳል፤ በሩቅ ላለው ተመልካች ጢሱ ቀድሞ ይታየዋል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ ከባርኮላ እስከ ሚራማሬ የተዘረጋው ሰልፍ ሁሉ በአንድነት ይንቀሳቀሳል። ብልህ ተመልካች ግን ብዛቱን አይቶ ከጠገበ በኋላ፣ የርቀት መነጽሩን በአንዲት ጀልባ ላይ ያሳርፋል። መሪውን የያዘው ሰው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ሸራው ሲመለከት ያየዋል፤ የሚያየውም በሸራው በሁለቱም ገጽ የተለጠፉትን ቀጫጭን የሱፍ ክሮች ነው። ሁለቱም ክሮች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ከተዘረጉ ሸራው ነፋሱን በሚገባ ይዟል፤ ነፋሱ በሚመታው ገጽ ያለው ክር ሲርገበገብ ግን ጀልባዪቱ ወደ ነፋሱ ከመጠን በላይ ተጠግታለችና መሪው ጥቂት ይመልሳታል። ይህን ምልክት ማንበብ የተማረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቀድም ሳይነገረው ያውቃል።

በመነሻው አጠገብ በባሕሩ ጫፍ ላይ ጐልቶ የሚታየው ነጭ ቤተ መንግሥት ሚራማሬ ነው። ያሠራው የኦስትርያው መስፍን ማክሲሚልያን ሲሆን፣ እርሱም የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 በዚያው አገር ተረሽኖ ሞተ። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ይህ ግንብ ሌላ ነገር ያሳስበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውስጡ የኖረው ዱካ ዳኦስታ፣ ከግራዚያኒ ቀጥሎ የኢጣልያ እንደራሴ ሆኖ ወደ አገራችን የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠውና በማግሥቱ ዓመት በናይሮቢ በምርኮ ሳለ የሞተው መስፍን ነበርና። ከግንቡ በታች ያለው ውኃ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለባሕር ፍጥረታት ጥበቃ የተከለለ ስለሆነ፣ ትርኢቱ ምንም ቢያጓጓ የተመልካች ጀልባ ወደዚያ አይጠጋም።

የዚህ ባሕረ ሰላጤ ጌታ ግን ቦራ የሚባለው ነፋስ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ከአምባው ላይ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲበረታም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚነፍስ፣ ጥንት በከተማይቱ መንገዶች አላፊ አግዳሚው የሚይዘው ገመድ ይዘረጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ውድድሩ በአየሩ ክፋት ምክንያት በዕለቱ ተሰርዟል። ቦራ ሊነሣ ነው የተባለ ቀን፣ ትንሽ ጀልባ ያለው ተመልካች ወደ አምባው መንገድ ቢወጣ ይሻለዋል።

ነፋሱ መልካም በሆነ ቀን ታላላቆቹ ሐመሮች አንድ ሰዓት ያህል ወይም ጥቂት አለፍ ሲል ውድድራቸውን ይፈጽማሉ፤ አብዛኛውም ተመልካች እነርሱን አጅቦ ወደ ወደቡ ይመለሳል። በእኔ አስተያየት ይህ ችኮላ ያስቀራል እንጂ አይጠቅምም። የውድድሩ ሰዓት እስኪዘጋ ድረስ በመቶ የሚቈጠሩ ታናናሽ ጀልባዎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው፤ የተመልካቹም ጀልባ ስለቀነሰ ውኃው ይረጋል፣ በተገቢው ርቀትም ሆኖ የእያንዳንዱን ሠራተኛ እጅና የእያንዳንዱን ገመድ መሳብ ለይቶ ማየት ይቻላል። ወደ ወደብ የሚመለሰውም ሰው ሞተሩን አብዝቶ እንዳያስነሣ መጠንቀቅ አለበት፤ ማዕበሉ የሚደርሰው ገና ለፍጻሜው በሚታገሉት በእነዚያው ላይ ነው።