የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ማንን ይወክላል? በማኅበራዊ አገልግሎት ጉዳዮች የዐቃቤ ሕግ ሚና

የልጇን ቀለብ ለማስወሰን የምትፈልግ እናት፣ ተማሪው ያለ ዕድሜዋ ልትዳር መሆኑን የሰማ መምህር ወይም ሕፃን በጉዲፈቻ ለማሳደግ የሚሹ ባልና ሚስት ወደ መንግሥት ተቋም በሚቀርቡበት ጊዜ፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው በተጨማሪ የሕግ ባለሙያ ያገኛሉ። ከባለጉዳዮች መካከል ይህን ባለሙያ እንደ ግል ጠበቃቸው የሚቆጥሩት አሉ፤ ሰውን ለማሳሰር ብቻ የተቀመጠ ከሳሽ አድርገው በማየት የሚሸሹትም አሉ። ሁለቱም አመለካከቶች ተገልጋዩን ሊጎዱ ይችላሉ። ባለሙያው የቆመው ለማን እንደሆነ ማወቅ መብትን በጊዜው ለማስከበር ይረዳል።

የሥራው ሕጋዊ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃናቱ ጥቅምና ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ግዴታ ተጥሎበታል። በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ለፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥተው የነበሩት ሥልጣንና ተግባራት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተላልፈዋል። ሚኒስቴሩ የወንጀል ክስ ከመመሥረት ባሻገር የመንግሥትን ጥቅም በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ያስከብራል፤ አቅም ለሌላቸው ዜጎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዲሰጥ ይሠራል።

ሦስት የተለያዩ የሕግ ባለሙያዎች

ተገልጋዮች በአብዛኛው የሚያገኟቸው የሕግ ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

• ዐቃቤ ሕግ፦ በወንጀል ጉዳይ የሚከራከረው በመንግሥትና በሕዝብ ስም ነው። የግል ተበዳይ በጉዳዩ ቁልፍ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዐቃቤ ሕግ የተበዳዩ ተቀጣሪ ጠበቃ አይደለም።
• የተቋሙ የሕግ አገልግሎት ባለሙያ፦ የተቀጠረበትን መሥሪያ ቤት ያማክራል፤ በሚፈቀድለት ጉዳይም መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ይከራከራል። ባለጉዳዩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከተካሰሰ ይህ ባለሙያ የሚቆመው ለመሥሪያ ቤቱ ነው።
• ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ባለሙያ፦ ምክር ይሰጣል፤ አቤቱታ ይጽፋል፤ እንደ ሁኔታውም ፍርድ ቤት ቀርቦ ለባለጉዳዩ ይከራከራል።

ስለሆነም ባለጉዳዩ ገና በመጀመሪያው ቀን “በዚህ ጉዳይ የሚወክሉት ማንን ነው?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄው እንደ ድፍረት የሚቆጠር አይደለም፤ ባለሙያውም ግልጽ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ፦ ጊዜ የሚወስነው ጉዳይ

የዐቃቤ ሕግና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ትብብር በግልጽ ከሚታይባቸው ጉዳዮች አንዱ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ በመርህ ደረጃ 18 ዓመት አድርጎታል። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ልትዳር መሆኑ ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቢነገር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው የልጅቷን ዕድሜና የቤተሰቧን ሁኔታ አጣርቶ ሪፖርት ያዘጋጃል። ሪፖርቱ ለዐቃቤ ሕግ በማስረጃነት ይጠቅማል።

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ዐቃቤ ሕግ ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ማቅረብ፣ ከተፈጸመም በኋላ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ልጅቷ 18 ዓመት ከሞላት በኋላ በዕድሜ ማነስ ምክንያት ጋብቻው ይፍረስልኝ የሚል ጥያቄ ተቀባይነት የለውም። “ነገ እነግራለሁ” እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ሕጉ የሰጠውን መፍትሔ ሊያሳጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ሽምግልና እና የወንጀል ክስ

ሽምግልና በኅብረተሰቡ ዘንድ የተከበረ የዕርቅ መንገድ ነው። በንብረትና በመሰል ክርክሮችም ብዙ ቤተሰቦችን ከመበተን አድኗል። ሆኖም በግል አቤቱታ ብቻ በማይቀርብ የወንጀል ጉዳይ ቤተሰቦች መታረቃቸው ክሱን በራሱ አያስቆምም። በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት በካሣ ወይም በይቅርታ ስለተዘጋ ጥቃቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ሽማግሌዎች ከታረቁ በኋላም ምርመራው እንዲቀጥል የሚያደርገው ቤተሰብን ለማጣላት አይደለም፤ በዕርቁ ወቅት ድምፅ ያልነበረውን ሕፃን ለመጠበቅ ነው። ሕፃኑ ቃሉን በሚሰጥበት ጊዜ ከተከሳሽ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ፣ ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች በተዘጋጁባቸው ፍርድ ቤቶች በሌላ ክፍል ሆኖ በምስል መሣሪያ አማካይነት እንዲጠየቅ ይደረጋል።

ቀለብና ነፃ የሕግ ድጋፍ

ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዝኖ ነው። አባትነት ክርክር ካለበት ግን አስቀድሞ አባትነቱ መረጋገጥ ስለሚኖርበት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ሌሎች ማስረጃዎች ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በድሃነት ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ከመንግሥት ድጋፍ በተጨማሪ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ጉዲፈቻ

በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ዜጎች የሚያደርጉት ጉዲፈቻ ቀርቷል። በአገር ውስጥም የጉዲፈቻ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት ለሕፃኑ የሚጠቅም መሆኑን አረጋግጦ ሲያጸድቀው ነው። ስለዚህ የትኛውም የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ወይም ደላላ ጉዲፈቻን “በውስጥ” ሊያስጨርስ አይችልም።

በተቋም ውሳኔ ቅር የተሰኘ ተገልጋይ

በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት አንድ ተቋም የተገልጋዩን ጥያቄ ውድቅ ሲያደርግ ምክንያቱን መግለጽ ይኖርበታል። ባለጉዳዩ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቆ ከተቀበለ በኋላ በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ያቀርባል፤ በዚያ ካልረካ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። አስተዳደራዊ በደል የደረሰበት ሰው ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤት ማለት ይችላል።

ተገልጋዮች ይዘው ሊቀርቡ የሚገባቸው

• የነዋሪነት ወይም ሌላ መታወቂያ
• የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፤ ከሌለ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ተቋም መዝገብ
• የሕክምና ማስረጃና ቀደም ሲል የተሰጠ ውሳኔ፣ ካለ
• ጉዳዩን የሚያውቁ ምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻ
• የሆነውን በቀን ቅደም ተከተል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ

ማስረጃ አልተሟላም በሚል አንድም ሰው ከመጠቆም መቆጠብ የለበትም። ማስረጃውን ማጣራት የፖሊስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ የዜጋው ድርሻ ያየውንና የሰማውን በጊዜው ማሳወቅ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግና የፍትሕ ቢሮ ስላላቸው፣ በክልል የሚኖሩ ተገልጋዮች ዝርዝሩን በአቅራቢያቸው ከሚገኘው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል።