ያውቁ ኖሯል? የትንሿ ጥይት ነገር

የዒላማ ሽጉጥ ውድድር የሚተኮስባት ጥይት የአዲስ አበባ እኩያ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። “ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል” የምትባለውን ጥይት ደግሞ ስቲቨንስ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ለገጣፎን፣ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን እስክትነካ ተለጥጣለች፤ ጥይቷ ግን ዛሬም ያችው 5.6 ሚሊሜትር ናት።

አረሯ 2.6 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የክላሽ አረር ሦስት እጥፍ ይከብዳታል።

የክላሽን ቀለህ ገልብጠው ቂጡን ቢያዩት መሃሉ ላይ ክብ ነገር አለ፤ መርፌው የሚመታው እሱን ነው። የትንሿ ጥይት ቂጥ ግን ልሙጥ ነው። እሳት የሚያስነሳው ቅመም ያለው ዙሪያዋን በሚሄደው ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ መርፌው ጠርዟን ይመታል። ፋብሪካ ውስጥ ቅመሙ እርጥብ እንዳለ ባዶው ቀለህ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ ቀለሁ በኃይል ይሾራል፤ ቅመሙም ወደ ዳር ተገፍቶ ጠርዙ ውስጥ ይሰገሰግና ይደርቃል። ባሩዱና አረሩ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ታዲያ ቅመሙ በአንድ ጎን ሳስቶ በሌላው ከወፈረ፣ መርፌው የሳሳውን ጎን ያገኘ ዕለት እሳቱ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይነሳም። ተኳሹ ሽጉጡን ይራገማል፤ ሽጉጡ ግን ምንም አላጠፋም።

ጠርዟ በመርፌው ስለሚጨፈለቅ ባዶው ቀለህ እንደ ሌሎቹ ተሞልቶ ዳግም አይተኮስም።

ይህ የጠርዝና የመሃል ልዩነት ዓድዋ ድረስ ይወስደናል። የጣሊያን ወታደር እዚያ የያዘው ቬተርሊ ጠመንጃ የስዊስ ዝርያ ነው። ስዊሶቹ ጠርዟ በሚመታ ጥይት ነበር የሚተኩሱበት። ጣሊያኖቹ ግን መሃሉ በሚመታ ጥይት እንዲሠራ አድርገው ነው የወሰዱት። የእኛው ውጅግራ ጠመንጃም ጥይቱ መሃሉ የሚመታ ነበር።

ውጅግራን ካነሳን አይቀር፣ ጥይቱ በአንዳንድ የአገራችን ገበያዎች ከአሞሌ ጨውና ከጠገራ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጥይትን ለመገበያያ የሚያበቃት አንዷ እንደ ሌላዋ መሆኗ ነው። የዛሬው የዒላማ ተኳሽም ከጥይቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፍጥነት አይደለም፣ ኃይልም አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። 50 ጥይት ከያዘች አንዲት ፓኬት የወጡ ሁለት ጥይቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ በሰከንድ 300 ሜትር፣ ሁለተኛዋ 290 ሜትር ትበራለች። 50 ሜትር ላይ ዘገምተኛዋ ከጓደኛዋ 9 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብላ ትመታለች። በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ይህ ልዩነት ሜዳሊያ ያስቀማል። በ25 ሜትር ሽጉጥ ግን ልዩነቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ከትንሽ ይወርዳል፤ በዝግታ በሚተኮስበት ዒላማ ላይ ደግሞ የ10 ነጥቧ ክብ 50 ሚሊሜትር ትሰፋለች። ስለዚህ “ውድ ጥይት ብገዛ ነጥቤ ይጨምራል” የሚል የሽጉጥ ተኳሽ ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የእጅን ስህተት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ በ22 ሴንቲሜትር የተራራቁበት ሽጉጥ ይያዙ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢል፣ 25 ሜትር ላይ ከ11 ሴንቲሜትር በላይ ይስታሉ።

ታዲያ የሽጉጥ ተኳሾች ስለ ጥይት ለምን ይጨነቃሉ? ምክንያቱም ሽጉጡ ቀለሁን አስፈንጥሮ ከካዝናው ቀጣይዋን የሚያጎርሰው በጥይቷ በራሷ ግፊት ነው። ደካማ ጥይት ቀለሁን ግማሽ መንገድ ላይ ታስቀረዋለች። በፈጣን ተኩስ ውድድር ደግሞ አምስት ዒላማዎችን በአምስት ጥይት የሚመቱበት ጊዜ መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻም 4 ሰከንድ ነው። በ4 ሰከንድ ውስጥ የተቀረቀረ ቀለህ ማን ያወጣል?

በዚሁ ውድድር እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ “ሾርት” በምትባለው አጠር ባለች ጥይት መተኮስ ይቻል ነበር። ወደ ኋላ የምትመታው ቀስ ብላ ስለነበር ተኳሾች ይወዷት ነበር። ቀረች።

ፓኬቷ ላይ የታተመችውን የምርት ቁጥር ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ዋናዋ ግን እሷ ናት። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ስም፣ የአንድ ዋጋ ጥይት ቁጥሯ ሲለያይ ጠባይዋም ይለያያል፤ አንዱ ሽጉጥ የወደዳትን ሌላው ይጠላታል። ለዚህ ነው በእንግሊዟ በርሚንግሃም ያለው ኢሌይ እና በጀርመኗ ሾነቤክ የሚያመርተው ላፑዋ የመሞከሪያ ቦታ ያዘጋጁት። ተኳሹ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ በማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰርለትና ከተለያየ የምርት ቁጥር ይተኮሳል። ጫማ ለክቶ እንደሚገዛ ሰው የተስማማውን መርጦ በብዛት ይገዛል።

ከቡራዩ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ አገራችን ጥይት ወደምታመርትበት ወደ ሆሚቾ ፋብሪካም ያደርሳል። የጦር ሜዳ ጥይት ፈተናው ሌላ ነው። በጭቃም በአቧራም፣ በማንም ወታደር እጅ መተኮስ አለባት። ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ አለች ብሎ የሚከሳት የለም።

የትንሿ ጥይት አረር ሰም መሰል ቅባት አለው፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ቅባት በአፈሙዙ ውስጥ እየተለቀለቀ ስለሚሄድ፣ ጥይት የቀየረ ተኳሽ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አያምናቸውም። ብርድ ደግሞ ቅባቱን ያደርቀዋል፤ ባሩዱም በብርድ ሰነፍ ነው። በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚተኮስበት ባያትሎን ለዚሁ ሲባል ለቅዝቃዜ የተሠራ ልዩ ጥይት አለ። የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፓኬቷን ሌሊት ብርድ ላይ አሳድሮ፣ ቀትር ላይ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ያቆየ ሰውም ስለ ጥይቶቹ አንድ ዓይነትነት ባያወራ ይመረጣል።

ከፍታውስ? ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ ሰበታና ለገጣፎም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. የማራቶን ወርቅ ያጠለቀባት ሜክሲኮ ሲቲ እንኳን 2,240 ሜትር ላይ ናት። በዚያው ኦሊምፒክ የፖላንዱ ዩዜፍ ዛፔንድስኪ የፈጣን ሽጉጥ ተኩስን አሸንፏል። በሱሉልታ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ጥይቷን የሚጎትታትም ነገር በዚያው መጠን ይቀንሳል። ግን በ25 ሜትር ላይ ይህ ሁሉ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። ከፍታው የሚፈትነው ትንፋሹ ያጠረውን ሰውዬ ነው።

የአየሩ መሳሳት የድምፅን ፍጥነት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ቅዝቃዜ ነው። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ0 ዲግሪ 331 ሜትር ይጓዛል። ከድምፅ በልጣ ወጥታ መንገድ ላይ ከድምፅ በታች የምትወርድ ጥይት ሽግግሩ ያንገጫግጫታል። የውድድር ጥይት ሆን ተብሎ ዘገምተኛ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ደንብም አለ፦ በ25 ሜትር ውድድር የሽጉጡ ቃታ ቢያንስ 1 ኪሎ ግራም የመሳብ ኃይል መጠየቅ አለበት፤ ቃታው ከዚያ የቀለለ ሽጉጥ እዚህ ውድድር አይገባም።

በአገራችን መሣሪያ መያዝ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። “ትንሽ ናት እኮ” ማለት ከፈቃድ አያድንም።

በዘመናዊ ፔንታትሎን ደግሞ ትንሿ ጥይት ቦታዋን ለአየር ሽጉጥ ለቃለች፤ ከለንደን 2012 ኦሊምፒክ ጀምሮ የሚተኮሰው በሌዘር ነው። ተወዳዳሪው ይሮጣል፣ ቆሞ ይተኩሳል፣ ደግሞ ይሮጣል። የሱሉልታ ሯጮች ይህን ስፖርት ለምን እንዳልሞከሩት ይገርመኛል፤ ዋናውና እስከ ፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ድረስ የነበረው ፈረስ ባይኖሩበት ኖሮ ማለቴ ነው።