ከጆሮ ኋላ ያሉ ደም መልሶችና ከራስ ቅል ውስጥ ጋር ያላቸው ግንኙነት

ከራስ ቆዳ ጎን ደም የሚሰበስበው ቴምፖራል ደም መልስ ከጆሮ ፊት ወርዶ በፓሮቲድ ዕጢ ውስጥ ከማክሲላሪ ደም መልስ ጋር ይገናኛል፤ ሬትሮማንዲቡላር የሚባለውም በዚህ ይፈጠራል። ከጆሮ ኋላ የሚወርደው ኦሪኩላር ደም መልስ ደግሞ ከዚሁ የኋላ ቅርንጫፍ ጋር ተቀላቅሎ ውጫዊውን ጁጉላር ይመሠርታል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዕውቀቱ ለፈተና ከማገልገል ባላለፈ ነበር። ሆኖም የማስቶይድን አጥንት የሚሻገር አገናኝ ደም መልስ ይህን የውጭ መረብ በራስ ቅል ውስጥ ካለው ሲግሞይድ ሳይነስ ጋር ያያይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ስለሌለው ደሙ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሊፈስ ይችላል፤ ተሕዋስያንም አብረውት ወደ ውስጥ ሊዘልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከጆሮው ኋላ መግል የቋጠረ ሕመምተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ብርቱ ራስ ምታት ሲታይበት በሳይነሱ ውስጥ ደም መርጋቱ ተጠርጥሮ ሳይዘገይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሊላክ ይገባል። በማስቶይዱ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚታየው እብጠት፣ ማለትም የግሪሲንገር ምልክት፣ የአገናኙን ደም መልስ መዘጋት ይጠቁማል፤ እብጠቱ አለመታየቱ ግን ጥርጣሬውን አያስቀርም።