ሚኒሞው ለምን አልወርድ አለ?

በከተማችን ጋራዦች አካባቢ የዋለ ሰው «ሚኒሞ» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ከጣሊያንኛ የወረስናት ቃል ናት፤ ትርጉሟም «ዝቅተኛ» ማለት ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ፍጥነት ትገልጻለች። በደንብ የሞቀ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ይዞራል። ይህ ቁጥር ወደ 1500 ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ መኪናው ቆሞም ነዳጅ ይጠጣል፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲገባ ይደነፋል፣ ፍሬኑም ያለ ሥራው ይደክማል።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በአጎቴ መኪና ምክንያት ነው። መኪናዋ ኢ100 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ የዋለው የኮሮላ ትውልድ ናት። አጎቴ ሦስት ልጆች የሚያሳድገው በእሷ ነው። ሚኒሞዋ አልወርድ ሲል የወሰዳት ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለው። የተጠየቀው ዋጋ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚነካ ነበር። እናም ከመክፈሉ በፊት ሰፈራችን ወዳሉት፣ ሁላችንም «ጋሼ» ወደምንላቸው አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ይዘናት ሄድን። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ጥያቄዬን ቀጠልኩ።

ለመሆኑ ሚኒሞ ከፍ የሚለው ለምንድነው?

ጋሼ የመጀመሪያ ትምህርታቸው አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ነዳጁን ተወውና አየሩን ፈልግ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። «ነዳጅ መስጫ» የምንለው ፔዳል በቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና ላይ የሚከፍተው የአየር በር ነው። ምን ያህል አየር እንደገባ ሴንሰሩ ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ለዚያ አየር የሚመጥን ነዳጅ እንዲረጭ ያዛል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቮልስዋገን 1600 ያቀረበው ዲ-ጄትሮኒክ፣ ከበሩ በኋላ ያለውን የአየር ግፊት እየለካ ነበር ነዳጁን የሚወስነው። «ዲ» የምትለዋ ፊደል በጀርመንኛ ግፊት ማለት ከሆነው «ድሩክ» የተወሰደች ናት። የአጎቴ ኮሮላም ግፊት ለኪ ናት። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ ቢገባ ግፊቱ ስለሚጨምር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ሚኒሞውም ይወጣል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ትርፉ አየር በየት በኩል ገባ?

በመጀመሪያ የማያስከፍሉት

ከማንኛውም ነገር በፊት ሞተሩ በእርግጥ መሞቁን ማየት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ሞተር ሚኒሞው ከፍ ማለቱ ጤነኛነት ነው። በነገራችን ላይ በእኛ አገር ብዙ መኪኖች «ሙቀት እንዳይፈጥር» ተብሎ ቴርሞስታታቸው ይወጣል። እንዲህ ያለ መኪና በአዲስ አበባ ብርድ በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩም ገና ጠዋት እየመሰለው ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ቀጥሎ የራዲያተር ውሃ ነው። ውሃና ሚኒሞ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ሞተሮች ላይ የሚኒሞው አየር መቆጣጠሪያ የሞተሩ ውሃ ያልፍበታል፤ አንዳንዶቹም ውስጣቸው ሰም አላቸው። ሰሙ ሲሞቅ አብጦ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ውሃ ከጎደለ ወይም አየር ከታመቀበት ግን አይሞቅም፣ መንገዱም ክፍት ይቀራል። የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ መሆኑን አደራ!

ሦስተኛው የነዳጅ ካቦው ነው። ከተወጠረ የአየር በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ጋሼ በጣት ሲነኩት ትንሽ መላላት ሊኖረው እንደሚገባ አሳዩን። በሩ ላይ ያለችውን ማቆሚያ ብሎን በካቻቢቴ ማዞር ግን አይመከርም። እሷ የሚኒሞ ማስተካከያ ሳትሆን ከፋብሪካ ተለክታ የመጣች ናት። እሷን መነካካት በሩ መዘጋቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሴንሰር ያሳስተዋል።

መብራቱ ምን ይላል?

በዚያን ዘመን ቶዮታዎች ላይ ኮፈኑ ሥር ካለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰርን ይመለከታል። ይህ ሴንሰር በኦም መለኪያ ሲለካ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። በአጎቴ መኪና ላይ መብራቱ ሳይቆራረጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ አለ። የተመዘገበ ብልሽት የለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማለት መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተቀደደ ቱቦ ቁጥር የለውም። በክፍላችን ደጋግመን እንደተማርነው አንድ ምንጭ ብቻውን አይበቃም።

ጣት፣ ፒንሳና ጨርቅ

ዋናው ምርመራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ የአየር ማስገቢያውን ጎማ ፈትተው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሚኒሞ የሚያስገባበትን ትንሽ ቀዳዳ በጣታቸው ደፈኑት። ሚኒሞው ቢወርድ ኖሮ ጥፋቱ የመቆጣጠሪያው ይሆን ነበር። ምንም አልተለወጠም! ስለዚህ አየሩ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። (ይህ ሙከራ የሚሠራው ግፊት በሚለኩት ላይ ነው፤ የሚገባውን አየር በመንገዱ ላይ የሚለኩት ሞተሮች ጎማው ሲፈታ ይጠፋሉ።)

ከዚያም ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ከማኒፎልድ የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ቆንጠጥ ማድረግ ጀመሩ። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ሲቆነጥጡት ሞተሩ ከ1500 ወደ 800 ወረደ። ቱቦው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሰርቮው ጋ የሚገባበት ጫፍ ግን ከሥሩ በኩል ደርቆ ተሰንጥቋል።

ጋሼ ወደ አጎቴ ዞር ብለው «ፍሬኑ አልከበደህም?» አሉት። አጎቴ ትንሽ አሰበና «ሰሞኑን ጠንከር ብሎብኛል፣ ሸራው መስሎኝ ነበር» አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የነዳጅ ወጪ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ሰርቮው እግራችንን የሚያግዘው በዚያ ቱቦ በሚመጣው የሞተር ስበት ነው። ቱቦው ጨርሶ ቢቀደድ ፍሬኑ ባይጠፋም ለመያዝ ከፍተኛ ጉልበት ይጠይቃል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ኮምፒውተሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ቱቦ ነው። እሱም ቢሆን ተራ የውሃ ጎማ አይሆንም፤ በስበት የማይጨፈለቅ፣ ለሰርቮ የተሠራ መሆን አለበት። ከተገጠመ በኋላ ያለው መፈተኛ ለማንም ቀላል ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ለደገኞች

ስበት በሚለካ መሣሪያ የሚመረምሩ ሰዎች በውጭ መጽሐፍ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ እንዳይወስዱ ጋሼ ያሳስባሉ። መጽሐፉ ለጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ በአንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። 2400 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከ10 እስከ 13 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሞተር ያስፈታል።

አበው «ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ያለፈ ብዙ ኢንጀክሽን መኪኖች ዛሬም እንጀራ እያበሉን ነው፤ ጎማቸውም ደርቋል። እንግዲህ ሚኒሞው አልወርድ ያለበት ሰው «ኮምፒውተር ይቀየር» ሲባል ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «አየሩ በየት በኩል እንደሚገባ አሳዩኝ።» ማሳየት ያልቻለ መካኒክ ገና አላገኘውም ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።