መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ከዚያ ችግኙ

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል ጠረፍ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ የዐሥር ደሴቶች አገር ናት። ስሟ በፖርቱጋልኛ «አረንጓዴ ጫፍ» ማለት ነው። ይህ ስም ግን የተወሰደው ከደሴቶቹ ልምላሜ ሳይሆን ትይዩ ካለው የሴኔጋል የባሕር ጫፍ ነው። ደሴቶቹ ደረቁን የሳህል አየር ንብረት ይጋራሉ። በአገር ደረጃ በአማካይ በዓመት የሚዘንበው 230 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ያም ጥቂት ዝናብ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወርዶ ያበቃል፤ ጨርሶ የሚቀርበት ዓመትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በተከታታይ የደረሱት ሁለት የረሃብ ዘመናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅተዋል። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1975 ከፖርቱጋል ነጻ ስትወጣ የነበራት ደን 3,000 ሄክታር እንኳ አይሞላም ነበር። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን በይፋዊው አኃዝ ከ80,000 ሄክታር በላይ፣ ማለትም ከምድሯ አንድ አምስተኛው፣ ዛፍ ተተክሎበታል። እርግጥ በደረቁ ሜዳ ላይ ዛፎቹ ተራርቀው የቆሙ ናቸውና ቁጥሩን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አድርጎ ማሰብ ያሳስታል። ያም ሆኖ ለውጡ ትልቅ ነው። ምስጢሩ፣ በእኔ እምነት፣ በተተከለው ችግኝ ብዛት ላይ አይደለም። ከችግኙ በፊት በተሠራው የድንጋይና የአፈር ሥራ፣ ከችግኙም በኋላ ሰዉ በሚኖረው ኑሮ ላይ ነው።

ተራራማዎቹ ደሴቶች፣ ሳንቲያጎ፣ ሳንቶ አንታዎና ፎጎ፣ ከእሳተ ገሞራ የወጡ ገደላማ ምድሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ራቁት ተዳፋት ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ባሕር ለመግባት ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። የነጻነት ትግሉ መሪ አሚልካር ካብራል በሙያው የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ገና በወጣትነቱ ስለ ደሴቶቹ ዝናብና ስለ አፈር መሸርሸር ጽፏል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ተገድሎ ነጻነቱን ባያይም ከ1975 በኋላ የተጀመረው ሥራ የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። በገመገሙ ላይ የድንጋይ እርከን ተሠራ፤ በየሸለቆው ክትር ተገነባ። ችግኝ የሚተከልበት ቦታ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ተቆፈረ፤ ክቡ ወገኑ ወደ ቁልቁለቱ፣ ክፍቱ ወደ ላይ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ገብቶ ይቆማል፣ ቀስ ብሎም ይሰርጋል። እንዲህ የተያዘ ችግኝ የሚጠጣው በራሱ ላይ የዘነበውን ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ካለው ሰፊ መሬት የተጠራቀመውንም ነው። 230 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት አገር ያለ መስኖ ዛፍ ሊጸድቅ የቻለው በዚህ ስሌት ነው።

ድንጋዩን ማን ተሸከመው? መልሱ ምናልባት ከቴክኒኩ ይበልጣል። በድርቅ ለተጎዳችው አገር የሚላከውን የእህል ዕርዳታ መንግሥት በነጻ አላደለውም። በገበያ ሸጦ ገንዘቡን ለገጠር ሕዝብ የቀን ሥራ ደመወዝ አዋለው። እኛ ምግብ ለሥራና ሴፍቲኔት ከምንለው ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ ሠራተኛው በእጁ የሚቀበለው ስንዴ ሳይሆን ገንዘብ መሆኑ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ ድንጋዩን የካቡት፣ ችግኙን ተሸክመው አቀበት የወጡት እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ዝናቡ ቢቀር እንኳ ደመወዙ አልቀረም፤ ሰውም ለዕለት ጉርሱ ሲል የተከለውን አልቆረጠም። ደን ከሕዝብ ጉሮሮ ጋር የተሻማበት አገር ደኑን ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይችልም።

ዛፍ ራሱ ውሃ ይጠጣል፣ ታዲያ ውሃ በጠፋበት አገር መትከሉ ጉዳቱ አይብስም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በተለይ ባሕር ዛፍን ያየ ሰው ያውቀዋል። «ዛፍ ዝናብ ይጠራል» የሚለው ተስፋም እዚያ አይሠራም። የደሴቶቹ ዝናብ የሚወሰነው የምዕራብ አፍሪካው የዝናብ ቀበቶ በክረምት ምን ያህል ወደ ሰሜን በመውጣቱ ነውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ዛፍ ይህን አይለውጠውም። ሚዛኑ ግን ሌላ ነው፤ ዛፉ የሚጠጣው ውሃ ያለ እርከኑና ያለ ሥሩ ወደ ባሕር ሊሄድ ከነበረው ጋር መነጻጸር አለበት። ደጋው ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በተራሮቹ ላይ ጉም ያመጣል፤ የዛፎቹ ቅጠል ጉሙን እየያዘ ወደ መሬት ያንጠባጥበዋል። በሳንቲያጎ ሴራ ማላጌታ ሰዎች ይህንኑ በመረብ ያደርጉታል፤ መረብ ወጥረው ከጉም የመጠጥ ውሃ ይሰበስባሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ለእኛም ቅርብ ነው። በቆላው በብዛት የተተከለው ዛፍ ፕሮሶፒስ ነው። በአፋር ክልል በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባው ይኸው ዛፍ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደወረረ ይገመታል፤ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጥቆታል። ኬፕ ቨርዴስ ስህተት ሠራች? ስትጀምር አልተሳሳተችም እላለሁ። በዚያ ደረቅ ሜዳ ያለ መስኖ ቶሎ ጸድቆ ማገዶና መኖ የሚሰጥ ሌላ ዛፍ በብዛት በእጇ አልነበረም፤ በማዮ ደሴት ከተተከለው ደን ከሰል ይመረታል፣ ፍሬውንም ፍየል ይበላዋል። በእሱ ብቻ መቆየት ግን ስህተት ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ያለበት ደን በአንድ በሽታ ወይም በአንድ ድርቅ አብሮ ይወድቃል። በደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ ሾላና ገርቢ ይበቅላሉ፤ ለአገሩ አፈር እንግዳ አይደሉም። እድገታቸው ቢዘገይም ፕሮሶፒሱ ባበጀው ጥላና አፈር ላይ ቦታቸውን መመለስ የሚቀጥለው ትውልድ ሥራ ነው።

ማጽደቅ የሚባለው እንግዲህ ችግኙን ውሃ በማጠጣት አያበቃም። ፍየሏ በልቅ ከመሰማራት ይልቅ ታስራ ታጭዶላት መብላቷ፣ እናት በሲሊንደር ጋዝ ማብሰሏ የደኑ ጠባቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ዓመታት ሲቀር ይህ ሁሉ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 መጀመሪያ ደግሞ በሴራ ማላጌታ እሳት ተነሣ። ለማጥፋት የተሰማሩ ወታደሮች የነበሩበት መኪና ተገልብጦ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የሚቃጠል ደን እምብዛም ያልነበራት አገር ዛሬ በጀቷ ውስጥ ከችግኝ ጣቢያው ጎን ለእሳት መከላከያ መንገድ፣ ለደን ጠባቂና ለውሃ ቦቴ ቦታ መስጠት አለባት።